ባቡሩ ኮምቦልቻ ሲገባ ሐይቅና አምባሰል ምን ያገኛሉ?

ደሴ፦ ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በመሐሏ የሚያልፈው አስፋልት ቀኑን ሙሉ ተሽከርካሪ አያጣም። ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ ከሐይቅ ወደ ደሴ ወይም ወደ ውጫሌ ለመሄድ የሚጠብቅ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው ሞልቶ የሚያልፍ አውቶቡስ ነው። ከሩቅ የሚመጡት አገር አቋራጮች መቀመጫቸውን በመነሻቸው ሞልተው ስለሚወጡ በመንገድ ላይ ላሉ ከተሞች የሚተርፋቸው አንድም ሁለትም ሰው ሲወርድ የሚለቀቀው ቦታ ብቻ ነው።

ዋና መንገድ ላይ መኖርና መጓጓዣ ማግኘት አንድ እንዳልሆኑ የሐይቅ፣ የውጫሌና የገጠር ቀበሌዎቻቸው ነዋሪዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ተስፋም ከዚሁ ይነሣል። ተስፋው ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለመመዘን በመጀመሪያ ዛሬ በእጅ ያለውን ማየት ያስፈልጋል።

የአካባቢውን ሕዝብ በዋናነት የሚያመላልሱት ሚኒባሶችና መለስተኛ አውቶቡሶች ናቸው። ከደሴ መናኸሪያ ተነሥተው ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳንና ወልድያን ያገናኛሉ። በሐይቅ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ወደ ወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ቢስቲማ ይወስዳል። በከተሞቹ ውስጥ ባጃጅ ያገለግላል፤ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአምባሰል ተራራማ ቀበሌዎች አርሶ አደሩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በእግሩ ይወርዳል፣ እህሉን በአህያና በበቅሎ ይጭናል፣ ወላድን በቃሬዛ ያወርዳል። የጉዞው ከባዱ ክፍል ከመኪናው በፊት ያለው ነው።

የሚኒባሱ አሠራር ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ባለንብረቱ የሚያተርፈው ከመቀመጫ ቁጥር ስለሆነ ረዳቱ መጨረሻውን መንገደኛ እስኪያገኝ ይጠራል። በገበያ ቀን ጠዋት በአሥር ደቂቃ የሚሞላው መኪና በሌላ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰዓት ሙሉ ሊቆም ይችላል። የሕክምና ቀጠሮ ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታሪፉ በመንግሥት የሚወጣ ሲሆን ስሌቱ በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ይለያያል፤ ጠጠሩ መኪናን ቶሎ ስለሚጎዳ ክፍያው ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአስፋልቱ የራቀው ገበሬ በኪሎ ሜትር የሚከፍለው ከከተሜው ይበልጣል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ በቴሌብር እንዲደርስ ያደረገውም የዓለም የነዳጅ ዋጋ በቀጥታ በተሳፋሪው ላይ እንዳያርፍ በማሰብ ነበር። የድጎማው ተጠቃሚ የተመዘገበው ተሽከርካሪ እንደነበረ ልብ ይሏል፤ በአይሱዙ ጀርባ ከእህሉ ጋር ተጭኖ የሚሄደው ገበሬ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

በዓመት አንድ ጊዜ ይህ ሁሉ የሚፈተንበት ሰሞን አለ። መስከረም 21 የሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ክብረ በዓል ከመላ አገሪቱ እጅግ ብዙ ምእመናንን ወደ አምባሰል ያመጣል። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከመቀሌ የሚነሡ አውቶቡሶች ደሴን ያጥለቀልቃሉ፤ የአካባቢው ሚኒባሶችም ወደ ግሸን ይዞራሉ። በዚያ ሳምንት የሐይቅና የውጫሌ መደበኛ ተሳፋሪ መኪና ቢያጣ አይገርምም።

እንግዲህ ባቡሩ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንና ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ የዚህን መስመር ውል የተፈራረሙት በሰኔ 2004 ዓ.ም. ነው። የውሉ ዋጋ 1 ነጥብ 7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ብድሩ ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ክሬዲት ስዊስ ካስተባበራቸው ባንኮች የተገኘ ነበር። ግንባታው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መስመሩ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሆኖ በሁለት ምዕራፍ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ከሚሴን ያገናኛል። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐይቅና በመርሳ አቅጣጫ ወልድያ አቅራቢያ እስካለችው ሐራ ገበያ ድረስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለሐይቅና ለአምባሰል ነዋሪ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ስለ ባቡሩ በዜና የሚሰማው አብዛኛው የግንባታ አኃዝ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚመለከት ሲሆን፣ በእነርሱ መሬት የሚያልፈው ግን ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ ጣቢያዎቹ ቆመው ወደ ፍጻሜው ከደረሰ ዓመታት አልፈዋል። ሐዲዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ግን ያለ ኃይል አቅርቦት ከተዘረጋ ብረት አይበልጥም፤ ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱም የኃይል መስመሩ ከግንባታው እኩል አለመድረሱ ነበር። በዚህ ላይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የባቡር መሠረተ ልማቱም ለዘረፋና ለውድመት ተዳረገ። ሁለተኛው ምዕራፍ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ግንባታው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በኋላም መደበኛ የመንገደኞች ባቡር ወደ ኮምቦልቻ አልገባም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ባቡሩ ታላቋን ከተማ ደሴን ለምን ተዋት? መልሱ በተራራው ላይ ነው። የባቡር ጎማም ሐዲድም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ጥቂት ኃይል ብዙ ሸክም የሚጎትተው በዚህ ነው፤ ዳገት የሚያቅተውም በዚሁ ነው። መኪና በመቶ ሜትር ጉዞ ሰባትና ስምንት ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ይወጣል፤ ከባድ ጭነት የሚስብ ባቡር ግን በመቶ ሜትር ከሁለት ሜትር በላይ መውጣት ይከብደዋል። በቦርከና ወንዝ ዳር ያለችው ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስድስት መቶ ሃምሳውን ሜትር ለመውጣት ባቡር ከ32 ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ አንድም ቦታ ሳያርፍ የሚወጣ ሐዲድ ይፈልጋል፤ ከዚያም በሌላ በኩል ያንኑ ያህል መውረድ አለበት። የሐይቅ ውኃ ወለል ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከኮምቦልቻ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ደሴን በስተምዕራብ ትተው፣ ተራሮቹን በዋሻ እየበሱ ዝቅ ባለው አቅጣጫ መሄድን መረጡ። ደሴ ያጣችውን ሐይቅ ልታገኝ የምትችለው በከፍታዋ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ሐዲድ በአቅራቢያ ማለፉ ግን ተሳፋሪ ሁሉ ባቡር ያገኛል ማለት አይደለም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሚተዳደረው በዋናነት በጭነት ነው። የመንገደኛ ባቡሩ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ አይደለም፤ እንደ ሚኒባስ «አሁን ልሂድ» ብለው የሚነሡበት አይደለም፣ ቀኑን ጠብቀው ትኬት ቆርጠው የሚሳፈሩበት ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ በለቡ በከተማዋ ዳርቻ ነው፤ የድሬዳዋው አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ውጭ ነው። በ1894 ዓ.ም. ግድም ከነባሩ የባቡር ሐዲድ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋ የድሮውን ጣቢያ በልቧ ይዛ ኖራለች፤ ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ገበያ ይገባ ነበር። ዛሬ ከአዲሱ ጣቢያ የወረደ ሰው ታክሲ ይፈልጋል። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ፈጣን መስመር የሚሠራ ሰው ከተማ ውስጥ መግባት አይወድም፤ መሬቱ ውድ ነው፣ ቤት ማፍረስ ይጠይቃል፣ ሐዲዱንም ያጣምመዋል።

ኬንያ ይህንኑ ገጥሟታል። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የሞምባሳ–ናይሮቢ አዲስ መስመር የናይሮቢ ጣቢያው ከመሐል ከተማ በጣም ርቆ ነው የተሠራው። መፍትሔ የሆነው ነባሩን ጠባብ ሐዲድ በመጠቀም፣ ፈጣኑ ባቡር በሚደርስበትና በሚነሣበት ሰዓት ተሳፋሪን ወደ መሐል ከተማ የሚያመላልስ ሌላ ባቡር ማሰማራት ነበር። ሐይቅ ነባር ሐዲድ የላትም፤ ሚኒባስ ግን አላት። ከጣቢያው እስከ ሐይቅ መናኸሪያ፣ ከጣቢያው እስከ ውጫሌ ባቡሩ በሚገባበት ሰዓት ሳይሞላም የሚነሣ መኪና ከተመደበ ጣቢያው የከተማዋ ይሆናል፤ ካልተመደበ ባቡሩ የሚታይ እንጂ የማይሳፈሩበት ነገር ሆኖ ይቀራል። የስምሪት ጉዳይ ነው፤ ቢሊዮን ዶላር አይጠይቅም።

ለገበሬው የበለጠ የሚያዋጣው የጭነት ባቡሩ ሳይሆን አይቀርም። አንድ የጭነት ፉርጎ እስከ 60 ቶን፣ በገበሬው መለኪያ 600 ኩንታል ይይዛል። ሃምሳ ኩንታል ከሚጭኑ አይሱዙዎች አሥራ ሁለቱን መሆኑ ነው፤ አንድ ሎኮሞቲቭ ደግሞ በርካታ ፉርጎዎችን በአንድ ጊዜ ይስባል። ኢትዮጵያ የአፈር ማዳበሪያዋን ከውጭ ታስመጣለች፤ ማዳበሪያው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከወረደ በኋላ ወደ ወሎ የሚደርሰው በከባድ መኪና ነው። የዝናቡ መግቢያ ተቃርቦ ማዳበሪያው በመንገድ ላይ የቀረበት ገበሬ የጭነት ባቡር ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልገውም። ስንዴ፣ ሲሚንቶ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ነዳጅም እንዲሁ ክብደታቸው ብዙ፣ ጥድፊያቸው ጥቂት ስለሆነ ለባቡር የተፈጠሩ ጭነቶች ናቸው። የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ መኖራቸውም ጭነት እንዳይጠፋ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ እውነት አለ። ኮምቦልቻን ከጅቡቲ ጋር የሚያገናኘው መኪና በባቲና በሚሌ አድርጎ አቋርጦ ይሄዳል። ባቡሩ ግን ወደ ደቡብ 270 ኪሎ ሜትር እስከ አዋሽ ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በድሬዳዋ አድርጎ ነው ወደብ የሚደርሰው። የባቡሩ መንገድ ከመኪናው በእጅጉ ይረዝማል። ከሐራ ገበያ በአሳይታ በኩል በቀጥታ ወደ ታጁራ ወደብ የሚወስድ መስመር በዕቅድ ይዞ የነበረ ቢሆንም አልተሠራም። ስለዚህ ባቡሩ ዋጋ የሚቀንሰው ጭነቱ ብዙና የማያቋርጥ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩም ሳይቆራረጥ ሲገኝ ነው። ርቀቱን በብዛት መካስ አለበት።

የሚበላሽ ምርት ሌላ ጉዳይ ነው። በአምባሰልና በአጎራባች ወረዳዎች ቆላማ ቦታዎች በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ዋና ገበያው ደሴ ከሆነ ባቡሩ ብዙም አይረዳውም። ምርቱን ከማሳው ጣቢያ ድረስ በመኪና ማድረስ፣ ማውረድ፣ ፉርጎ ላይ መጫን፣ እንደገና ማውረድ ይኖርበታል፤ በእያንዳንዱ መውረድና መጫን ቲማቲም ይፈርጣል። ለሰላሳና ለስልሳ ኪሎ ሜትር አይሱዙን የሚያሸንፍ የለም። ለአዲስ አበባ ገበያ ግን፣ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል። ይህም ዩኒየኖች ምርቱን በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ሰብስበው ፉርጎ የሚሞሉ ከሆነ፣ ጣቢያው አጠገብም ጥላ ያለው ማቆያ ከተሠራ ነው። አንድ ገበሬ ለብቻው ፉርጎ አይሞላም። ባቡር የተደራጀ ላኪ ይፈልጋል፤ በኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡር በሚጠበቅባቸው በእነዚህ ዓመታት የአካባቢው ማኅበራት ሊዘጋጁበት የሚገባው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላም ጣጣው አያልቅም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር፣ 34 ኪሎ ሜትርና 41 ባቡሮች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ፤ የቀሩት ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ሰው ይጭኑ ጀመር። ባቡር ሲገዛ የሚታየው ገንዘብ የመጀመሪያው ክፍያ ነው። መለዋወጫው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብድሩም የሚመለሰው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው ግን በብር ነው። በኮምቦልቻ መስመር ላይም ይህ ስሌት ይጠብቃል።

ከሐዲዱ በፊት ሊሠራ የሚችል ብዙ ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው ቀበሌዎችን በጋ ከክረምት በሚያገለግል መንገድ ከዋናው መስመር ማገናኘት ነበር። በአምባሰል ዳገትና ገደል ላይ የተሠራ የጠጠር መንገድ ግን በየክረምቱ ጎርፍ ይበላዋል፤ የውኃ መውረጃ ቦዩ ካልተጠረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ በጋ መንገድነት ይመለሳል። የመንገዱ ጥገና ከባቡሩ ያነሰ ዜና ነው፤ ለገበሬው ግን ይበልጥ ይቀርበዋል። ጣቢያው ሲከፈትም ማዳበሪያውን ከጣቢያ እስከ ቀበሌ የሚያደርሰው ይኸው መንገድ ነው። በከተሞቹ መካከል ደግሞ፣ ቢያንስ ጠዋትና አመሻሽ ላይ፣ ሞላም አልሞላም በሰዓቱ የሚነሣ አንድ ሁለት መኪና መመደብ ይቻላል። በተራ የሚወጡት የማኅበራቱ ተሽከርካሪዎች ጉዳቱን ተራ በተራ ቢካፈሉት ለማንም አይከብድም።

የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራ እንደገና ሲጀመር በቀጥታ የሚነካው መሬቱ በመስመሩ ላይ ያለ ገበሬ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ መሬትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ያላገኘና ለዘለቄታው የሚነሣ የገጠር ባለይዞታ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ የመፈናቀያ ካሣ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ይህ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ከሚከፈለው በተጨማሪ ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ባለይዞታ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ምን ያህል እንዳመረተና በስንት እንደሸጠ የሚያሳይ ማስረጃ የያዘ ገበሬ ከሌላው የተሻለ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ለዩኒየን ያስረከበበት ደረሰኝ ሳይቀር ይጠቅማል።

ሌላው የከብቶች ማለፊያ ነው። በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከብቶችና ግመሎች በባቡር መገጨታቸው ለአርብቶ አደሩ ጉዳት፣ ለባቡሩም መዘግየት ሆኗል። ባቡር እንደ መኪና ፍሬን ይዞ ወዲያው አይቆምም፤ ጭነት የያዘው ለመቆም መቶዎች ሜትሮች ይፈልጋል። ሐዲዱ ማሳን ከመንደር፣ ግጦሽን ከውኃ ሲለያይ ከብቱ ውኃ ወደለመደበት መሄዱ አይቀርም። መተላለፊያው የት እንደሚሆን የሚያውቀው ከብቱን በየቀኑ የሚነዳው ሰው ነው፤ በንድፍ ላይ ከተጠየቀ በግንባታ ጊዜ ከሐዲዱ ሥር ቀዳዳ መተው ቀላል ነው። ሐዲዱ ካለቀ በኋላ መብሳት ግን መስመሩን መዝጋት ይጠይቃል።